የተሰወረ ወረፋ

ሰው በገንዘቡ የገዛውን ነገር ሁሉ እንደ ወደደ ሊያደርገው ይገባዋልን? ወይስ ከተገዛም በኋላ የባልንጀራ ድርሻ የማይለቀው ነገር አለ? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ዘንድ አዲስ አይደለም። ስለ ውኃ፥ ስለ ወፍጮ፥ ስለ ግጦሽ መሬት ብዙ ሲባልበት ኖሯል። ዛሬ ግን ማንም ባላሰበው ስፍራ፥ በአዳማ መናኸሪያ፥ በኦቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚወርድ፥ ወይም በሞጆ ዞሮ ወደ መቂ፥ ወደ ዝዋይ፥ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ መንገደኛ፥ ኦቶቡሱ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ነገር የታወቀ ነው። ውኃ ይገዛል፤ ቆሎ ወይም ሙዝ ይጨምርበታል፤ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል። እንግዲህ ስንቁ ተሟላለት ማለት ነው። ኦቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ አንዱ ኳስ፥ አንዱ ዘፈን፥ አንዱ ስብከት፥ አንዱ ተከታታይ ድራማ ከፍቶ ማየት ይጀምራል። በመንገድ ላይ ምስሉ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ግን ይቈጣል፤ «ገንዘቤን ከፍዬ!» ይላል። ቃሉ እውነት ይመስላል፤ የሚሰማውም ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅለታል። መመርመር የሚገባው ግን ይኸው ቃል ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ በተዘረጋ ጊዜ፥ አንዱ ሲነጋገር ሌላው ይጠብቅ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፥ የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ እስኪገባ ድረስ፥ በየከተማው የነበረው ልማድ ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። በቤቱ ስልክ የሌለው ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመደወል ወደ ቴሌ ይሄዳል፤ የሚፈልገውን ቍጥር ያስመዘግባል፤ በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ እስኪጠራ ድረስ ይጠብቃል። ወረፋ አሰልቺ ነገር ነው፤ ያመሰገነውም ሰው የለም። ዳሩ ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሰው የሰውን ፊት ያይበት ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የገባችውን ሴት ያየ ሰው፥ መርዶ ልታስነግር እንደ መጣች ማንም ሳይነግረው አውቆ፥ «እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ ተራውን ይለቅላት ነበር። ሕግ አላስገደደውም፤ የጠበቀበትንም ሰዓት የሚመልስለት የለም።

ዛሬ «ወረፋ ቀረ» ይባላል። አልቀረም፤ ተሰወረ እንጂ። ነገሩም እንዲህ ነው። በመንገዱ ዳርና በየኮረብታው ላይ ቆመው የሚታዩት የብረት ማማዎች እያንዳንዳቸው በዙሪያቸው ያለውን ስፍራ ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን አንዱ ማማ የሚያድለው ነገር ልክ አለው። በዚያ ስፍራ ያሉትና የዚያው ድርጅት ደንበኞች የሆኑት ስልኮች ሁሉ ያንን ልክ ይካፈሉታል። መሣሪያው አንዱን ሰከንድ ወደ ሺህ ከፍሎ «ለዚህ ጥቂት፥ ለዚያ ጥቂት» እያለ ያዳርሳል፤ ፍጥነቱ ከዐይን ጥቅሻ ስለሚበልጥ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተሰጠው ይመስለዋል። ጠያቂው ጥቂት ሲሆን ለሁሉ ይተርፋል፤ ስድሳ ሰው የጫነ ኦቶቡስ በደረሰ ጊዜ ግን ቍራሹ ያንሳል። ኦቶቡሱ ሲሄድ ስልኩ ካንዱ ማማ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በደረሰበትም ሁሉ ከባለ አገሩ ጋር ይሰለፋል። ሰልፉን ግን የሚያይ የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ከማማው ለራቀ ስልክ፥ ይልቁንም በኦቶቡስ ብረት ውስጥ ላለ ስልክ፥ ሞገዱ ደክሞ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ያንኑ ምስል ለማድረስ ማማው የበለጠ ጊዜ ያጠፋበታል። ማማ በተቀራረበበት በአዳማ መካከል ጥቂት የሚወስድ ሰው፥ ማማ በተራራቀበት ሜዳ ላይ ያንኑ እያየ ብዙ ይወስዳል። መጠኑም እንደ ዕቃው ነው። ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው በአንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት ያህል ቢፈጅ፥ በከፍተኛ ጥራት ምስል የሚያይ ሰው 1 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ይኸውም ከ16 ሰው ጆሮ የሚበልጥ ድርሻ ማለት ነው።

(ተራ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወረፋ ነው፤ ሁለተኛው ክብር የሌለው፥ እንዲያው የሆነ ነገር ነው። ለሚጠብቀው ሰው ተራ የሆነው ነገር ለደረሰው ሰው ወዲያው ተራ ይሆንበታል። የቅኔ ተማሪ ቢያገኘው አያልፈውም።)

እንግዲህ ለምሳሌ በአርሲ ነገሌ አጠገብ በአንድ የገጠር ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ልጇ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ከዚያ አካባቢ እንዲህ ሆነው የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። እመቤቷ ስልክ የምትፈቅድላት በሳምንት አንድ ቀን፥ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። እናቲቱ ከቤቷ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባላት ወደ አስፋልቱ ዳር ትወጣለች። የምትነጋገረው በኢሞ ነው፤ ፊቷን ልታይ፥ ከስታ እንደ ሆነ፥ ታማ እንደ ሆነ ልታውቅ ትፈልጋለችና። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል ልጅ ሁሉ ይለዋል፤ ፊት ግን አይዋሽም። በዚያች ደቂቃ ሁለት ኦቶቡሶች ተከታትለው ያልፋሉ። የልጅቱ ፊት ይደርቃል፤ ድምፅዋ ይቈራረጣል፤ ከዚያም ይጠፋል። እናቲቱ «ኔትወርክ ነው» ብላ ትመለሳለች። ማንንም አትከስም። በኦቶቡሶቹም ውስጥ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ ሰው የለም።

በዚህ ነገር በደል አለን? ካለስ የማን ነው?

መጀመሪያ የሚነሣው መከራከሪያ ያው «ገዝቼዋለሁ» የሚለው ነው። መግዛት ግን አንድ ዐይነት አይደለም። በሬ የገዛ ሰው ቢጠምደው፥ ቢያርደው፥ ቢሸጠው የሚከለክለው የለም። ወደ ወፍጮ ቤት ሄዶ ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ወፍጮውን አልገዛም፤ ተራ ገዛ እንጂ። እንዲሁም በ2007 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በአዲስ አበባና በአዳማ የፍጥነት መንገድ ባለ መኪና ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ያልፋል፤ «ከፍያለሁና» ብሎ በመካከሉ መኪናውን አቁሞ ምሳ ሊበላበት ግን አይችልም። የኢንተርኔትም ጥቅል ከበሬው ወገን ሳይሆን ከወፍጮውና ከመንገዱ ወገን ነው። ሻጮቹ ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ። የሌሊቱን ጥቅል ከቀኑ አርክሰው የሚሸጡት፥ ቀን የሚጋፋው ብዙ፥ ሌሊት የሚጋፋው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ሸቀጡ ያው ሆኖ ዋጋው በሰዓት የሚለዋወጥ ከሆነ፥ የተሸጠው ሸቀጡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ማለቂያ ኢንተርኔት በአገሪቱ ሁሉ በተዘጋ ጊዜ፥ ከሁለት ሳምንት በላይ ጥቅል የገዛውም ያልገዛውም እኩል ሆኖ ሰነበተ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከፊተኛው ይልቅ ብልህ ነው። «የአንድ ሰው ድርሻ ከባሕር እንደ ጠብታ ነው፤ እኔ ብተወው እናቲቱ ልጇን አታይም፤ እኔ ብወስደውም በእኔ ምክንያት አልጠፋባትም» የሚል ነው። ይህ ለጆሮ የሚጥም ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው መልሱን በዐይኑ ሊያይ ይችላል። የመቂና የከታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይም የቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ ወደ አብጃታ ይወርዳል። በዝዋይ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር ሽንኵርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ በትንሽ ሞተር ውኃ ይስባል፤ የአበባው እርሻም ይስባል፤ በአብጃታ ዳር የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ደግሞ ከሐይቁ ከራሱ ውኃውን ወደ ገንዳ ሲስብ ኖሯል። እያንዳንዱ ገበሬ «የእኔማ አንዲት ጐማ ናት» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሐይቁ ግን ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሸ፤ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣውን ይበሉ የነበሩት ወፎችም ምግባቸውን በሌላ ስፍራ ፈለጉ። አብጃታን ላድርቅ ብሎ የተነሣ ሰው አንድ ስንኳ አልነበረም። እንግዲህ በደል ሁሉ ባለቤት ይኖረዋል፥ ባለቤት የሌለውም ነገር በደል አይደለም የሚል ሰው፥ ይህን ሐይቅ ምን ይለዋል?

ለዚህም ሦስተኛ ተከራካሪ ይነሣል። «ውኃና ሞገድ አንድ አይደሉም፤ ውኃ የጠጡት ያልቃል፤ ሞገድ ግን ኦቶቡሱ ባለፈ ጊዜ እንደ ነበረ ይመለሳል» ይላል። ይህ ቃል ትክክል ስለ ሆነ ሊቀበሉት ይገባል። ማማው ከሰዓት በኋላም ነገም እንደ ትናንቱ ያድላል፤ አንዳች አይጐድልበትም። ስለዚህ ነገሩን ከሐይቁ ይልቅ በወፍጮው መመሰል ይሻላል፤ ወፍጮ ብዙ ስለ ፈጨ አያልቅም። ነገር ግን የሚወሰደው ነገር ጊዜ መሆኑ በደሉን ያቀለዋልን? የጠፋ ውኃ በክረምት ይተካል፤ የጠፋ ገንዘብ ተሠርቶ ይገኛል። ለዚያች እናት የተፈቀደችው የእሑድ ደቂቃ ግን ማማው ነገ ስለ ሞላ አትመለስም። በዚህ በኩል ሲታይ የጊዜ ወረፋ ከውኃ ወረፋ ይልቅ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

አራተኛው «ጥፋቱ የሻጩ ነው» ይላል። ከመከራከሪያዎቹ ሁሉ ብርቱው ይህ ነው። ወፍጮ ቤቱ በቀን መቶ ቍና ከመፍጨት አያልፍም እንበል፤ ባለቤቱ የሁለት መቶ ቍና ዋጋ ተቀብሎ ሰዎቹን በደጅ እርስ በርሳቸው ቢያጋፋቸው፥ መወቀስ የሚገባው ገበሬው አይደለም። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፥ ወፍጮው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የመንግሥት። ዛሬ ሁለት ሆነዋል፤ አዳማም የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከተዘረጋባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዳሩ ግን ማማ የሚበዛው ገዢ በሚበዛበት ስፍራ ነው፤ ከአስፋልቱ ጥቂት ፈቀቅ ያለው ገበሬ ማማውን በዐይኑ እያየ ሞገዱ ተልፈስፍሶ ይደርሰዋል። ይህን ማስተካከል የሻጩና የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ትልቁም ዕዳ የእነርሱ ነው። ነገር ግን የትልቁ ዕዳ በሌላ ሰው ላይ መሆን ትንሹን ዕዳ አይሰርዘውም። ባለ ወፍጮው ስግብግብ ስለ ሆነ፥ ዱቄት ለሕፃን ልጅ አጥሚት የምትፈልገውን ሴት ገፍቶ መግባት አይፈቀድም።

በዚህ ላይ ስለ ድምፅ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በኦቶቡስ ውስጥ ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፍቶ ስድሳ ሰው የሚያስጨንቅ መንገደኛ አለ። ሰው ሁሉ የሚያማርረው እርሱን ነው። ነገር ግን የእርሱ ነገር ቀላል ነው፤ ከጐኑ ያለው ሰው «ወንድሜ፥ እባክህ ቀነስ አድርግልኝ» ቢለው ብዙውን ጊዜ አፍሮ ይቀንሳል። በደሉ ስለሚሰማ መድኀኒቱም ቅርብ ነው። ጸጥ ብሎ ማዳመጫውን በጆሮው ከትቶ በከፍተኛ ጥራት የሚያየው ጨዋ ሰው ግን በማንም ዘንድ አይነቀፍም። ከሁለቱ በነገሌ መንገድ ዳር የቆመችውን ሴት የሚጐዳት ይህ ሁለተኛው ነው።

«የማየው መንፈሳዊ ነገር ነው» የሚልም ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ሕዝቡ በሰሙነ ሕማማትና በፋሲካ በቤቱ በተቀመጠ ጊዜ ጸሎቱ በቀጥታ ሥርጭት ወደ ቤቱ መጥቶለት ነበርና፥ ይህን መሣሪያ ማንም ካህን የሚንቀው አይደለም። ነገር ግን ሰባኪው አንድ ሰዓት ሙሉ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ጥቅሙም በጆሮ እንጂ በዐይን አይደለም። የቀሚሱን ጥልፍ አጥርቶ ለማየት የ16 ሰው ድርሻ መውሰድ ለስብከቱ የሚጨምርለት ነገር የለም። ማማውም ስብከትን ከዘፈን አይለይም።

እንግዲህ መንገደኛ ዝም ብሎ መስኮት ሲያይ ይሂድ ማለት አይደለም። ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ጥንታዊው ስንቅ ነው። በመንገድ የሚያየውን ነገር ሌሊት በአዳማ፥ ማማው ሥራ ፈቶ በቆመበት ሰዓት፥ ወይም በሆቴል ዋይፋይ ወደ ስልኩ አውርዶ የያዘ ሰው፥ በመንገድ ላይ ከማንም ጋር አይሰለፍም። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ኔትወርክ ቢጠፋ አይቈጣም። ይህን ጥቂቶች ያደርጉታል፤ የሚያደርጉትም ብዙውን ጊዜ ብር ለመቈጠብ ነው። ቢሆንም ያው ነው፤ የወፍጮው ተራ የተለቀቀላት ሴት ሰውየው ለምን እንደ ተወላት አትጠይቅም።

በዚህ ስፍራ ግን መጽሐፍ ወዲህም ወዲያም የሚስብ ይመስላል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህል አከማችቶ አገር አዳነ። እስራኤል በምድረ በዳ መናውን ለነገ ቢያሳድሩት ተላባቸው። ሐዋርያትም ከረጢት እንዳይዙ ታዘዙ። ታዲያ ስንቅ መያዝ ነው ወይስ አለመያዝ የሚበልጠው? ነገሩን የሚፈታው የመናው መስፈሪያ ነው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር ነበረ፤ ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበም አልጐደለበትም። ዮሴፍም ያከማቸው ለራሱ አልነበረም። ሐዋርያትም ያለ ከረጢት ሲሄዱ በሰው ደጅ ቆመው፥ ባለ ቤቱ ፊታቸውን አይቶ፥ ወድዶ ይቀበላቸው ነበር። የኦቶቡሱ መንገደኛ ግን በማንም ደጅ አይቆምም፤ ከማዕዳቸው የሚቈርስባቸው ሰዎች እንደ መጣም አያውቁ፥ እንደ ሄደም አያውቁ። ስለዚህ በሐዋርያት ምሳሌ ሊያመካኝ አይችልም።

በኦቶቡስ ውስጥ ስንቁን የፈታ ሰው ከጐኑ ላለው እንግዳ «እንብላ» ሳይል አይጐርስም። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ድራማውን እያየ ቆሎውን የሚዘግነው ጐልማሳ እንኳ እጁን ወደ ጐረቤቱ ይዘረጋል። ለቆሎው «እንብላ» ያለው ሰው ለሞገዱ ያላለው ልቡ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። የቆሎው ጐረቤት ፊት አለው፤ የሞገዱ ጐረቤት ፊት የለውም። ጥያቄውም በመጨረሻ ወደዚህ ይመጣል። ሰው ፊቱን ላላየው፥ ስሙን ለማያውቀው፥ መኖሩንም ለማያረጋግጠው ሰው ተራውን ሊለቅ ይችላልን?

ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ታዝዟል፤ ነገር ግን በስውር የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ለማን እንደ ሰጠ ያውቃል፤ የተቀበለውም እንደ ተቀበለ ያውቃል። በዚህ ግን ሰጪው ማንን እንደ ረዳ አያውቅም፤ ተቀባይዋም አንዳች እንደ ተቀበለች አታውቅም፤ ስልኳ በደኅና ሠራላት፥ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ስጦታ ምጽዋት ይባላልን? ከመንገድ ላይ እሾህ የሚያነሣ ሰው ይመስላል፤ እርሱም የማን እግር እንደ ዳነ አያውቅም። ዳሩ ግን እሾህ አንሺው ቢያንስ እሾሁን በእጁ ይዞ ያየዋል። ምስሉን ትቶ ድምፁን ብቻ የሚሰማ፥ ወይም ጥራቱን ዝቅ የሚያደርግ መንገደኛ በእጁ የሚይዘው ነገር የለም። ጥቂት ደብዘዝ ያለ ምስል እያየ፥ ቡልቡላን አልፎ፥ ላንጋኖን በግራው ትቶ ይሄዳል። ነገሌ ሲደርስ በአስፋልቱ ዳር ስልክ በእጃቸው ይዘው የቆሙ ሴቶች በመስኮቱ ሊያይ ይችላል፤ ከእነርሱ መካከል ልጇን በዚያች ሰዓት ያየችው የትኛዋ እንደ ሆነች፥ ወይም በዚያ ቀን የደወለች ልጅ መኖር አለመኖሯን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።